ከአራት ጠባሳ ስምንት ልጅ

የአሥራ ሰባተኛዋን አይጥ የማህፀን ጠባሳ ኤልናታን ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አራቱንም ጊዜ አራት ሆነ።

"ስንት ልጅ ነበር ያሳደገችው?" አልኩት።

ጓንቱን አውልቆ ቅጹን አገላበጠ። "ስምንት።"

"እንደገና እይ።"

"ስምንት ነው ዶክተር። ፎቶም አለኝ።" ከዚያ፣ "ሁሉም መንታ መንታ ከሆኑ ይሆናል" አለ።

አልሳቅኩም። ጽንስ ማህፀን ግድግዳ ላይ የተጣበቀበት ቦታ ከወሊድ በኋላም ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ልጆቿ ጡት ከጣሉ በኋላ እንኳን የአይጧን ማህፀን ከፍቶ፣ ማቅለሚያ ነክቶ፣ ጥቁሮቹን ነጥቦች መቁጠር ይቻላል። ነጥቦቹ ከተወለዱት ልጆች ሊበዙ ይችላሉ፤ መንገድ ላይ የሚቀር ጽንስ አለና። ሊያንሱ ግን አይችሉም። ከአራት ጠባሳ ስምንት ልጅ አይወጣም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሪፖርቱ ሰኞ ይቀርባል፤ ረቂቁ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። ማህፀን ቆጠራው ለማሟያ ያህል የቀረ ሥራ ነበር፣ ከአባሪዎቹ አንዱን ሰንጠረዥ የሚሞላ። የሪፖርቱ ድምዳሜ ደግሞ አንድ መስመር ነው፦ ዱቄቱ በወሊድ ላይ ያሳየው ጉዳት የለም።

ዱቄቱ በየጉልቱ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ የትኋን መድኃኒት ነው። ስም የለውም፣ ከየት እንደመጣም አልተጻፈበትም፤ ሻጮቹ በሻይ ማንኪያ ይሰፍሩታል። ሰው ፍራሹ ሥር ይነሰንስና ይተኛበታል። እኛ ናሙና ሦስት እንለዋለን። ይታገድ ወይስ ይሸጥ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ከእኛ የፈለገው አንድ መልስ ነው፤ ነፍሰ ጡር የተኛችበት እንደሆነ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?

ቤተ ሙከራችን ከአየር ጤና ወደ ውስጥ በሚገባ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። ሳሎኑ ቢሮ፣ ማዕድ ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ ጓሮ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ደግሞ የአይጥ ቤት ሆነዋል። እዚያ ሃያ አራት ሴት አይጦች ነበሩን። አሥራ ሁለቱ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ በየቀኑ ዱቄቱን በዘይት ተበጥብጦ ይወስዳሉ፤ አሥራ ሁለቱ ዘይቱን ብቻ። የትኛዋ የትኛውን እንደምትወስድ ተንከባካቢዋ እንዳታውቅ በየሳጥኑ ላይ ከቁጥር በስተቀር ምንም አልጻፍንም። ሳታውቀው እንኳን እንዳታዳላ ብለን ነው። ኤልናታን፣ የሁለተኛ ዲግሪውን እኛ ዘንድ የሚሠራው ተማሪ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እየገባ የተወለዱትን ይቆጥራል።

ቆጠራው ገና ሲመጣ የከነከነኝ ነገር ነበር። ከሃያ አራቱ እናቶች ከሰባት ያነሰ ልጅ ያላት አልተገኘችም፤ ከዘጠኝ የበለጠም ያላት የለችም። እንስሳ እንዲህ ተመካክሮ አይወልድም። ሃንጋሪ ሳለሁ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር፣ ቁጥሩ ሲያምርባችሁ ተጠራጠሩ ይሉን ነበር። ተጠራጥሬ ነበር። ነገር ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ዱባለ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ኤልናታንም ደስ ብሎት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ከሃንጋሪ ከተመለስኩ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ ማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር። እናም ተውኩት።

አሁን የአሥራ ሰባተኛዋ ማህፀን ሳህን ላይ ተዘርግቶ ሳየው፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ኤልናታን ነው።

"እውነቱን ንገረኝ" አልኩት። "በየቀኑ እየመጣህ ነበር የምትቆጥረው?"

"ማለት?"

"ቤትህ ቁጭ ብለህ የሞላኸው ቀን ካለ አሁኑኑ ንገረኝ። አልቆጣም።"

ፊቱ ቀላ። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና ወደ መስኮቱ ዞረ። እያንዳንዱን ጎጆ ከነሳጥኑ ቁጥር፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንስቶታል። አሥራ ሰባተኛውን አገኘሁት። ሮዝማ፣ ፀጉር አልባ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ልጆች እርስ በርስ ተነባብረዋል። ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው።

"ይቅርታ" አልኩት።

"ምንም አይደል" አለ፤ እንደሆነ ግን ያስታውቅ ነበር።

የቀሩትን ማህፀኖች እስከ ቀትር ድረስ ቆጠርን። ራሴንም ስላላመንኩት ኤልናታን ቁጥሮቹን በፕላስተር እየሸፈነ ያቀብለኛል፣ እኔ ሳላውቅ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ፕላስተሩን ስናነሳ ዘይት ብቻ የወሰዱት በአማካይ አሥራ አንድ ጠባሳ ነበራቸው። ዱቄቱን የወሰዱት ስድስት አልሞላላቸውም። አምስተኛዋ፣ የዘይቷ፣ አሥራ ሦስት ጠባሳ ኖሯት ያሳደገችው ስምንት ልጅ ነው። አሥራ ሰባተኛዋ፣ የዱቄቷ፣ አራት ጠባሳ ኖሯት ያሳደገችውም ያው ስምንት።

"ልጆቹ ሄደዋል" አለ ኤልናታን ቀስ ብሎ። "ከዚህ ወደዚያ ሄደዋል።"

ከኤልናታን በፊት አይጥ ቤት የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ አልማዜ ጓሮ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ባለው አሮጌ ባኞ፣ የአይጦቹን የውኃ ጠርሙስ እያጠቡ ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለምርምር የሚሆኑ አይጦችን ሲያረቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲቃረቡ ዶክተር ዱባለ ናቸው ወደ እኛ ያመጧቸው።

"እትዬ አልማዜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይጦቹ የወለዱ ሰሞን፣ ልጆቹን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው አዛውረዋል?"

ቀና ብለው አዩኝ። የደነገጠ ፊት ነበር የጠበቅኩት፤ ያገኘሁት ግን ሙያው የታየለት ሰው ፊት ነው።

"አስተካከልኳቸዋ!" አሉ። "አሁን ገና አየሽው? እኔማ እነዚህ ልጆች አንድ ቀን እንኳን እጅሽ ይባረክ አይሉም እያልኩ ነበር።"

"እንዴት ነው ያስተካከሏቸው?"

"እንዴት ይሆናል! አንዷ አሥራ ሦስት ወልዳ ጡት ይሻሙባታል። አጠገቧ ያለችው ሁለት ይዛ ቁጭ። ከሞላላት አነሳና ለጎደለባት እሰጣለሁ። ዝም ብሎ መወርወር አይደለም ታዲያ! አዲሷ እናት ባዳ ነው ብላ እንዳትነክሰው ከራሷ ጎጆ ሰጋቱራ ቆንጠር አድርጌ አሸዋለሁ። የእሷን ሽታ ይዞ ይገባል። ጋሼ መዝገቡ፣ ነፍሱን ይማረውና የድሮው አለቃዬ፣ 'ከሰባት በታች አትያዝ፣ ከዘጠኝ በላይ አትያዝ' ይለን ነበር። ከእኔ እጅ የሚወጣ አይጥ ሚዛኑ እኩል ነው። ጠይቂ ብትፈልጊ።"

"በየቀኑ?"

"በወለዱ ቀን ነዋ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ፣ ይሄ ልጅ ሳይመጣ እጨርሳለሁ። እሱማ ሲመጣ ሦስት ሰዓት፣ ያውም ዓይኑ ሳይገለጥ።"

ኤልናታን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ታክሲ የለማ እትዬ!"

"ከዚሁ ከዓለም ባንክ ሰፈር ነው እኮ የሚመጣው" አሉኝ ለእኔ። "ስትሰሚው ከጅማ የተነሳ ነው የሚመስልሽ።"

"የሞቱትስ?" አልኳቸው። "ሞተው የተወለዱ አልነበሩም?"

"ሞልተው! የሚቃጠለው ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ከተትኳቸው። እዚያ ጣይ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁ?"

የኤልናታን ቅጽ ላይ 'የሞተ' የሚል ዓምድ አለ። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ አንድም የሞተ አይቶ አያውቅም።

"አዝነውላቸው ነው?" አልኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ምናልባት አንድ የቆየ ሐዘን እንዲነግሩኝ ጠብቄ ይሆናል፤ ያ ቢሆን ነገሩ ይገባኝ ነበር።

"ለማን?"

"ለእናቶቹ።"

እትዬ አልማዜ ሳቁ። "አይጥ እኮ ናት ዶክተር! ሙያ ነው እንጂ ምን ሐዘን አለው።"

"ማን እንዲያደርጉት አዘዘዎት ታዲያ?"

"አንቺ" አሉ፣ ጠርሙሱን አራግፈው እየደፉ። "አይጦቹ የመጡ ቀን ምን አልሽኝ? 'አደራ እትዬ አልማዜ፣ ልጆቹ እንዳይሞቱብን።' አላልሽም?"

ብያለሁ። ክፍሉ እንዳይበርድ ለማለት ነበር፤ ወይም እንደ ሰላምታ፣ አንድ ደግ ነገር መናገር ስላለብኝ። የሥራ መመሪያው በአሥራ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ በሩ ላይ ተለጥፏል። ስምንተኛው ገጽ ላይ ልጆችን ማዛወር ክልክል ነው ይላል። ሃንጋሪ በተማርኩበት ቤተ ሙከራ አይጦቹን ማን እንደሚመግባቸው አላውቅም ነበር፤ ሰዎቹን በመስታወት በኩል ሲያልፉ አያቸው ነበር እንጂ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። መንገር ያለበት ሰው እንዳለ ያኔም አላሰብኩ፣ እዚህም መጥቼ አላሰብኩ።

እዚያው ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ዱቄቱ ልጅ የሚገድል ከሆነ የሚታወቀው በሞቱት ነው፤ የሚያስቀር ከሆነ በጎደሉት ነው። የጎደለው ሲሞላ፣ የሞተው ሲጣል፣ ዱቄቱ ምንም ያላደረገ ይመስላል።

መጥረጊያ ጨርቁን አስቀመጡ። "እና ለምን አልነገርሽኝም?"

በሩ ላይ ተለጥፏል ልል ብዬ ተውኩት።

"ቆይ" አሉ። "ቆይ፣ ባለፈው ሳምንት ምንም አልተገኘበትም አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"እኔ እኮ ሥራው ሲጀመር ፈርቼ ዱቄቱን ከቤት አስጠርጌው ነበር። አንቺ ምንም የለውም ስትዪኝ ቅዳሜ መልሼ ነሰነስኩት። ኤቢሴ ፍራሽ ሥር።"

ኤቢሴ የልጃቸው የወንድይፍራው ሚስት ናት። አንድ ቀን ምሳቸውን ልታደርስላቸው መጥታ አይቻታለሁ፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

"አሁን ምን ልበላት?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ እትዬ አልማዜ።"

"አላውቅም?"

"ይጎዳታል ብዬ መማል አልችልም። የጠባሳው ቁጥር ጥሩ አይደለም፤ ግን አይጥ ነው፣ መጠኑም ብዙ ነው። አይጎዳትም ያልኩት ግን ውሸት ነበር። ሳላውቅ የዋሸሁት ነው።"

"ካላወቅሽማ ይጠረጋል!" አሉ፣ እኔ ዘወር ዘወር ማለቴ እያስገረማቸው። እጃቸውን በጋዋናቸው ጠርገው ስልካቸውን አወጡ። "ኤቢሴ? ስሚኝ፣ ፍራሹ ይውጣ። አይ፣ አንቺ አትንኪው! ወንድይፍራው ያውጣው። ተኝቷል? ቀስቅሺው። አፉን በጨርቅ ይሸፍንና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው፣ በመጥረጊያ እንዳያቦነው። ... አዎ፣ ያው ዱቄቱ። ... ዶክተሯ ናታ። ... እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሐሳቧን ቀይራለች።"

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ዱባለ ቢሮ ገባሁ። የጠባሳውን ሰንጠረዥ ረጅም ሰዓት አዩት። ቁጥር አይተው የማይገባቸው ሰው አይደሉም።

"ኮሚቴው ስለ ጠባሳ አልጠየቀንም" አሉ በመጨረሻ። "የጠየቀን ስለ ወሊድ ነው።"

"ወሊዱን አናውቀውም። ባልዲ ውስጥ ገብቶ ተቃጥሏል።"

"የጠባሳውን ውጤት በግርጌ ማስታወሻ እናስገባውና፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል እንበል።"

"ድምዳሜውስ?"

"ድምዳሜው ይቆይ።"

"ሰው ድምዳሜውን ነው የሚያነበው። የእኛው ሠራተኛ እንኳን ድምዳሜውን ሰምታ ቅዳሜ ዕለት ምራቷ ፍራሽ ሥር ነስንሳዋለች።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰልዋ፣ እዚያ ሃንጋሪ ሆነሽ ቢሆን ይሄ ችግር አይደለም። ስህተት ተገኘ ይባላል፣ ይደገማል፣ ማንም አይደነግጥም። እዚህ አንድ ጊዜ ተሳሳትን ካልሽ፣ ድሮም አያውቁም ነው የሚሉት። ናሙናው ይታሸግና ውጭ አገር ይላካል። ቀጣዩም ይላካል። ከዚያ ይህ ቤት ለምን ያስፈልጋል?"

ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ አሁንም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ከዚህ የባሰውን ደግሞ አልነገርኳቸውም። እኔም ጠባሳውን ሙጭጭ ብዬ የያዝኩት እውነት ስለሆነ ይሁን ወይስ ያገኘሁት እኔ ስለሆንኩ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዋናው መለኪያችን በሕይወት የተወለዱ ልጆች ነው ብለን ከመጀመሪያው ጽፈናል። አንዱ መለኪያ ሲበላሽ ሌላ መምዘዝ ሰው ራሱን የሚያታልልበት የታወቀ መንገድ ነው። ስለዚህ ይጎዳል ብዬም መጻፍ አልችልም። የቀረኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር።

"አናውቅም ብለን እንጽፍ" አልኳቸው።

"ቢያንስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ተንከባካቢዋ ከመመሪያ ውጭ..."

"መመሪያውን በአማርኛ የሰጠናቸው መቼ ነው?"

ወደ ውጭ ተመለከቱ። በመስኮቱ በኩል እትዬ አልማዜ የታጠቡትን ሳጥኖች ፀሐይ ላይ ሲደረድሩ ይታያሉ።

"ያመጣኋቸው እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ረቂቁን ወደ እኔ ገፉት። "ጻፊው እንግዲህ። አብሬሽ እገባለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።"

ቅዳሜና እሑድ ጻፍኩት። የወሊዱ ቆጠራ በሙሉ ውድቅ መሆኑን፣ የጠባሳው ቁጥር ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን፣ ስህተቱ የደረሰው ለተንከባካቢዋ ትዕዛዝ በሚገባ ባለመሰጠቱ መሆኑን፣ ትዕዛዙን መስጠት የነበረብኝም እኔ መሆኔን። ጥናቱ ተደግሞ እስኪታወቅ ድረስ ዱቄቱ ከገበያ ይነሳ የሚል ሐሳብም ጨመርኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት።

ሰኞ ስብሰባው ከጦር ኃይሎች ሰፈር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነበር። ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዲት ሴትዮ ለመጻፍ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ፣ "ስለዚህ ይጎዳል?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አይጎዳም ማለት ነው?"

"እሱንም አላውቅም።"

አጠገቧ ያለው ሰውዬ ፈገግ አለ። "ላለማወቅ ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀ፣ ለማወቅ ስንት ሊፈጅ ነው?"

ጥቂቶች ሳቁ። ዶክተር ዱባለ አልሳቁም። ተነሥተው፣ "ይህን ስህተት ያገኘነው እኛው ነን" አሉ። "ሌላ ቦታ ልካችሁት ቢሆን ኖሮ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችል ነበር።" ከዚያ ተቀመጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተወሰነ። ጥናቱ በእኛው ቤት ይደገም፤ አራት ወር ተሰጥቶናል። እስከዚያ ዱቄቱን ለማገድ የሚያበቃ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ ባለበት ይቆይ።

ማለትም ውጤቱ ከውሸቱ ሪፖርት ጋር ያው ነው። ወደ አየር ጤና ስመለስ ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ጉልቱ ላይ ፌስታሎቹ እንደተደረደሩ ነበሩ። አንዲት ወጣት ሁለት ማንኪያ አስለካ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። አትግዢው ልበላት? ምን ብዬ? ቆሜ ሳስብ ሄደች።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር መመሪያው አንድ ገጽ ሆነ፣ በአማርኛ። ግማሹን ያጻፉን እትዬ አልማዜ ናቸው። "'ክልክል ነው' ብቻ አትበዪ" አሉኝ። "ለምን ክልክል እንደሆነ ጻፊ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግ የሠራ መስሎት ያጠፋል።" የወሊድ ቆጠራውም ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት መጣ። ኤልናታን ለአንድ ወር ያህል አየር ጤና አክስቱ ቤት ሊያድር ተስማማ። እትዬ አልማዜ ግን አላመኑትም፤ ጠዋት ጠዋት እየደወሉ ይቀሰቅሱት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የወለዱት አንድ ማለዳ ነው። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ዘጠነኛው ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች ተደራርበው ይንጫጫሉ። አጠገቡ፣ አሥረኛው ሳጥን ውስጥ፣ እናቲቱ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ጎጆዋን አላበጀችም። ልጆቹ ሰጋቱራው ላይ ተበትነዋል፤ የሚንቀሳቀሱት ጥቂት ናቸው።

እትዬ አልማዜ ጎንበስ ብለው አዩ። እጃቸው ወደ ዘጠነኛው ሳጥን ክዳን ሄደ፤ እስከ መቆለፊያው ደረሰ። አላስቆምኳቸውም። ክዳኑን አልከፈቱትም፤ እጃቸውን መልሰው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"ይቺ ዱቄት ናት ዘይት?" አሉኝ።

"አላውቅም። ኮዱ ዶክተር ዱባለ ጋ ነው።"

"የቀሩትም ይሞታሉ እኮ። አንድ ሰዓት አይቆዩም። እዚያች ጋ ቢገቡ ይድናሉ።"

"አውቃለሁ።"

እኔም እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም።

እትዬ አልማዜ መነጽራቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው አደረጉ። የአሥረኛውን ሳጥን ክዳን አነሡና በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እየለዩ፣ ሳይቸኩሉ ቆጠሩ። አንዱ ላይ ቆዩ፤ ነካ አደረጉት፤ ጠበቁ።

"በሕይወት ሦስት" አሉ። "የሞቱ አምስት። ጻፊ።"

ጻፍኩ።